የአያ ተገኝ ዋስ

ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ ወጣት የብረት በር መሥሪያ ከፍቶ ጠዋት ጠዋት መዶሻውን ማንሳት ከጀመረ ወዲህ፣ ጎረቤቶቼ በጩኸቱ ተማረው አቤቱታ እንድጽፍላቸው እየለመኑኝ፣ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ አንድ ወር አለፈ። ዕድሜዬን ሙሉ በጥብቅና የኖርኩ፣ አቤቱታ ስጽፍ ያረጀሁ ሴት ይህችን አንዲት ወረቀት መጻፍ አቃተኝ ብል ማንም አያምነኝም። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ድምፅ፣ ሁለት ቀላል ምት አስቀድሞ አንድ ከባድ የሚያስከትለው ድምፅ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ስማዳና እስቴ ከሚዋሰኑበት አፋፍ ላይ ወስዶ ከአያ ተገኝ ወናፍ አጠገብ ያቆመኛል። ልጅነቴን በአቤቱታ ላስዘጋው አልፈልግም።

አባቴ በወጣትነቱ ጋይንት ተሻግሮ ቤተ ልሔም ዓመታት ዜማ የተማረ፣ መሪጌታ ተብሎ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ ማኅሌት ቆሞ ከሚያድር ይልቅ ሙግት ቆሞ ቢውል ይመርጥ ስለነበር፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሥራው ነገረ ፈጅነት ሆኖ አገኘሁት። ርስት የተነጠቀው፣ ድንበር የተገፋው፣ ከወንድሙ የተጣላው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። አባቴም ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ነገሩን ቤት ውስጥ የመለማመድ ልማድ ነበረውና፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ የቤቱን ምሰሶ ዳኛ፣ እኔን ደግሞ ባላጋራ አድርጎ ያቆመን ነበር፤ ከዚያም በትሩን እያወዛወዘ፣ አንዴ እየተቆጣ አንዴ እየለመነ ይከራከረኝ ነበር። እኔም ዝም ማለት አልተፈቀደልኝም፣ ለእያንዳንዱ ቃል መልስ መስጠት ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሁልጊዜም ተሸናፊዋ እኔ ነበርኩ፤ ያ ምሰሶ አንድም ቀን ፈርዶልኝ አያውቅም። እናቴ ከጓዳ ሆና «ምላሷን እንዲህ እየሳሉት ማን ሊያገባት ነው?» ትል ነበር፤ አባቴም «ዳኛ ያገባታል» ብሎ ይስቅ ነበር።

አያ ተገኝ የአገሩ ብረት ሠሪ ነበር። ሚስቱ ሸክላ ትሠራ ነበር፣ ጎጇቸውም ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ከወንዙ ዳር ነበረች። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምሳሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ሳይቀር የእጁ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሰዉ ቀጥቃጭ ይለው ነበር፣ ቡዳ ነው እያለ ዓይኑን ይፈራ ነበር፣ ምግብ ሲቀርብ እሱ በአጠገብ ካለ ገበታው ይሸፈን ነበር። እኛም ቤት ቢሆን ከሌላው የተለየን አልነበርንም። አባቴን ለማነጋገር ሲመጣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እናቴም ጠላ የምትሰጠው ለእሱ ብቻ በተለየች አንዲት ቅል ነበር፤ ቅሏ ቤት አትገባም፣ ከውጭ ግድግዳው ላይ ካለች ችካል ተሰቅላ ትኖር ነበር። አያ ተገኝ ቅሏን ሲቀበል፣ ከመጠጣቱ በፊት አንዴ በእጁ አዙሮ ያያት ነበር። የእሱ መሆኗን ማረጋገጡ ነበር፤ በስህተት ከቤቱ ዕቃ ጠጣ ተብሎ ጣጣ እንዳይመጣበት። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ምንም አይመስለኝም ነበር።

ጣጣው የመጣው በክረምት ነው። አጥቢያውን ያስተዳድሩ የነበሩት ጭቃ ሹም ባላምባራስ ካሳው ይባሉ ነበር፤ ሸበቶ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው የሚሄዱ፣ ሙግት ከጠላና ከጠጅ አብልጠው የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሐምሌ ሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱባቸው። ቆላው ውስጥ የከብት በሽታ ገብቶ እንደነበር አገር ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ባላምባራስ ግን በሬዎቼን ያየብኝ ተገኝ ነው ብለው፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ልጆቹን ሰብስቦ አገራቸውን እንዲለቅ አዘዙት። አያ ተገኝ ዝናብ እየወረደበት መጥቶ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ከጋቢው ውሃ ሲንጠባጠብ አሁንም ይታየኛል።

«የት ልሂድ መሪጌታ?» አለ። «አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው። ሌላ ቦታ ብሄድ ደግሞ ያው ቀጥቃጭ ነኝ።»

አባቴ በርስት እንዳይከራከርለት አያ ተገኝ ርስት አልነበረውም፣ በምስክር እንዳይከራከርለት ደግሞ ለቀጥቃጭ የሚመሰክር አልነበረም። ያን ክረምት ከምሰሶው ፊት ብዙ ጊዜ ቆሟል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም የሚለው ጠፍቶት አየሁት። እናቴ «እርስዎ ምን አገባዎት? እኛስ ከማን ጋር ልንኖር ነው?» ትለው ነበር፤ እሷም ልክ ነበረች፣ ወሬው ከተሰማ ጀምሮ የማኅበሯ ሴቶች እኛን ቤት መርገጥ ትተው ነበርና።

በጥቅምት ዝናቡ ቆሞ ገብሱ ሲነጣ፣ ለሕዝብ እንደራሴ ምርጫ የሚመዘግብ ሰው ከከተማ ይመጣል ተባለ። ያን ሰሞን የነበረውን ግርግር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ማን ይሻላል እያሉ ይጯጯኹ ነበር፣ ባላምባራስ አማቻቸውን ለማስመረጥ ደጅ ለደጅ ይዞሩ ነበር፣ አባቴ ደግሞ የአዋጁን ጋዜጣ ከየት አምጥቶ እንደሆነ እንጃ፣ ቀን ተሌት እሱን ሲያነብ ሰንብቶ አንድ ጠዋት ኩታውን እንኳ ሳያጣፋ ምሰሶውን በመዳፉ መታው።

«እዚህ ላይ ርስት አለህ ወይ የሚል የለም» አለ፣ ጋዜጣውን ፊቴ ላይ እያርገበገበ። «ነዋሪ ነህ ወይ ነው የሚለው! በመንግሥት መዝገብ ነዋሪ ተብሎ የተጻፈን ሰው ማን ነው ከአገሩ የሚያስወጣው?»

እኔም ነገሩ በሙሉ ሳይገባኝ አብሬው ዘለልኩ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በቤታችን የነበረው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ አያ ተገኝ ከመዝገቡ ከገባ ይኖራል፣ ካልገባ ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ይሰደዳል።

የምዝገባው ቀን መዝጋቢው ጠረጴዛውን ከዛፉ ሥር ዘርግቶ፣ ሰው በየተራው እየቀረበ ስሙን ይናገር ነበር፣ ባላምባራስም አጠገቡ ተቀምጠው «ነዋሪ ነው» ይሉ ነበር። የአያ ተገኝ ተራ ሲደርስ ግን ባላምባራስ ፊታቸውን አዞሩ። «ይህ መጻተኛ ነው፣ አገር የለውም» አሉ። መዝጋቢው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። የሚያርስበትን ማረሻ አያ ተገኝ የሠራለት ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ነበር፣ አንድም የተነፈሰ የለም። አባቴ ሲጮኽ መዝጋቢው «የጭቃ ሹሙ ቃል ወይም የዳኛ ትእዛዝ ያምጣ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። አያ ተገኝ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቁልቁለቱ ሲወርድ አየሁትና አለቀስኩ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ባላምባራስን ዳኛ ዘንድ ማቅረብ ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ሲጠሩ አይሄዱም ነበር። በእኛ አገር ግን አንድ የቆየ ወግ ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን በሕግ አምላክ ብሎ ያቆመውና የኩታውን ጫፍ ከራሱ ጫፍ ጋር ይቋጥራል፣ ከዚያ ወዲያ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ቀድሞ የፈታ እንደተረታ ይቆጠራል። የከተማ ዳኞች ይህ ነገር ቀርቷል ይሉ ነበር። በአፋፉ ላይ ግን አልቀረም፣ ባላምባራስ ራሳቸውም በወጣትነታቸው ስንቱን ቋጥረው እንደወሰዱ፣ ቋጠሮ ፈትተውም እንደማያውቁ በየድግሱ ያወሩ ነበር። አባቴ የያዛቸው በዚህ ወሬያቸው ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ፣ በሰኞ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያየ አያ ተገኝ ባላምባራስ ፊት ቆሞ «በሕግ አምላክ፣ በንጉሥ አምላክ ይቁሙ!» አለና የኩታቸውን ጫፍ ይዞ ከጋቢው ጋር ቋጠረው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አሽከሮቻቸው ወደፊት ተራመዱ፤ ባላምባራስ ቋጠሮውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ፊታቸው ቀላ። «ተዉት» አሉ። «እኔ ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም። ወደ ዳኛ!»

መካነ ኢየሱስ ከእኛ በደህና እግር የአንድ ቀን መንገድ ነበር፣ በቋጠሮ ግን ሁለት ይፈጃል። እናቴ ይህን ስትሰማ እየሮጠች መጥታ፣ አባቴን መከልከል እንደማትችል ስታውቅ፣ እኔን ከበቅሎው ላይ አስቀመጠችኝ። «ልጄን ይዘው ይሂዱ» አለችው። «ልጅ ፊት አይተኩሱም።» እሷ እያለቀሰች እኔ ደስታዬን መሸሸግ አቅቶኝ ነበር፤ በሕይወቴ ከአፋፉ ወርጄ አላውቅምና።

የዚያ መንገድ ነገር አሁንም ያስቀኛል። ባላምባራስ በሰው ፊት የማይበሉ ሰው ነበሩ፣ ሲበሉ አሽከር ኩታቸውን ይጋርድላቸው ነበር። አሁን ግን ኩታው ሲነሳ አያ ተገኝም አብሮ ይነሳል፣ መጋረጃው ውስጥ የሚገባው የፈሩት ዓይን ራሱ ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ ከዘመዳቸው ቤት ስናርፍ ሆዴን አሞኛል ብለው ጾማቸውን አደሩ፣ ማክሰኞ ጠዋት ለስንቅ የያዙትን ዳቦ አውጥተው መልሰው ከተቱት፣ ውሃ እንኳ ፊታቸውን አዙረው አንድ ጉንጭ ብቻ ቀመሱ። አያ ተገኝ ምስኪን፣ ያያቸው እንዳይመስላቸው መንገዱን ሙሉ መሬት መሬቱን እያየ ይሄድ ነበር፤ በዚያ ላይ እሳቸው በረዘመ እርምጃ ሲራመዱ ጋቢው እየተጎተተበት ይደናቀፍ ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ከአንድ መንደር ስንደርስ ተዝካር ነበር። በሬ ታርዷል፣ የወጡ ሽታ ከሩቅ ይጣራል፣ ዳሱ ሰው ሞልቶታል። ተዝካር ባለበት ያለፈ መንገደኛ ሳይቀምስ አይለቀቅምና፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ወጥተው ባላምባራስን ከነቋጠሯቸው አስገብተው ከከፍታው ቦታ አስቀመጧቸው። ገበታ ቀረበ። አሽከራቸው ኩታውን ሊጋርድ ሲያነሳ የአያ ተገኝ ጋቢ አብሮ ተነሳና ሁለቱ አንድ መጋረጃ ውስጥ ተገናኙ። ባላምባራስ ዘለው ወጡ፣ ፊታቸውን ላብ አጥምቆት ነበር።

አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ነገሩ ብዙም እንዳላሳሰበው ሰው «በወጉ መሠረት ሁለቱም ዋስ ከጠሩ ቋጠሮው ይፈታል፣ አሳፋሪም አይደለም» አለ። ሽማግሌዎቹ እውነት ነው አሉ። ለባላምባራስ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ዋስ ልሁን ብሎ ተነሳ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ አያ ተገኝ ዞረው «አንተስ፣ ዋስ ጥራ» አሉት። ለእሱ የተነሳ አልነበረም። አያ ተገኝ መሬት መሬቱን አየ። አባቴም «እኔ ነገረ ፈጁ ነኝ፣ ለራሴ ሰው ዋስ ብሆን አያምርም» አለና ጠላውን ተጎነጨ።

ይህን ጊዜ አዲስ ወጥ በአጠገባችን አለፈ። ባላምባራስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«እኔው ዋሱ ነኝ!» አሉ። «ፍቱኝ!»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። «ባላጋራ ለባላጋራው ዋስ ሲሆን በዕድሜዬ አላየሁም፤ ቢሆንም የሚከለክል የለም። እንግዲህ እንደ ወጉ ይናገሩት፣ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ የት ይገኛል?»

ባላምባራስም ዓይናቸውን ከገበታው ሳይነቅሉ «ተገኝ የወርቁ ልጅ ነው፣ የእኔው አጥቢያ ነዋሪ ነው፣ ከአባቱ ጀምሮ ቤቱ ከወንዙ ዳር ነው፣ ቢጠፋ እኔ አመጣዋለሁ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

በዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ ያን ያህል ደስታ የተሰማኝ ቀን አልነበረም። ከምሰሶው ፊት ተሸንፌ ተሸንፌ የተማርኩት ነገር በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ በራ፤ ነዋሪ ነው አሉ፣ ሽማግሌ እየሰማ፣ በራሳቸው አንደበት! ልጮኽ አፌን ስከፍት አባቴ ጭኔን ቆነጠጠኝ፤ ምልክቱ ለሳምንት አልጠፋም። ቋጠሮው ተፈታ፣ አያ ተገኝ ከአጥሩ ሥር ሄዶ ተቀመጠ፣ ባላምባራስም ኩታቸው ተጋርዶላቸው ሲበሉ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ይህን ነገር ዳር ሳናደርስ አንቀርም ብለው ተከተሉን። ረቡዕ ጠዋት መካነ ኢየሱስ ችሎት ፊት ቆምን፤ አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ የተለማመደውን ንግግር ትቶ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች የሰሙትን እንዲናገሩ ብቻ ጠየቀ። ተናገሩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ባላምባራስን አዩ።

«ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ርቦኝ ነበር» አሉ ባላምባራስ።

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ርቦዎት የተናገሩት ውሸት ነበር ማለት ነው?»

ባላምባራስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ብዙ ነገራቸውን አልወድም ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አከበርኳቸው። «እኔ በዋስትና ውሸት አልናገርም» አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ዳኛው ትእዛዙን ጻፉ፣ መዝጋቢው መዝገቡን አምጥቶ የአያ ተገኝን ስም አሰፈረ። አያ ተገኝ ማንበብ አይችልም ነበርና የቱ እንደሆነ እንዲያሳየው ለመነው፤ ሲያሳየውም ወረቀቱን በጥላሸት እንዳያቆሽሽ ጣቱን ከላዩ ከፍ አድርጎ ይዞ ብዙ ቆየ።

አገራችን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። አባቴ ከደጃፋችን ሲደርስ አያ ተገኝን በክንዱ ይዞ «ዛሬ ድንጋዩ ላይ አትቀመጥም» ብሎ አስገባው። እሱም ጣራውን እያየ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ወጣች፣ ከችካሉ ላይ ያችን ቅል አውርዳ ይዛ ገባች፣ ጠላ ቀዳችለት። አያ ተገኝ ቅሏን ተቀብሎ እንደ ልማዱ አዙሮ አያትና ጠጣ። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ባላምባራስን የረታው ሰው ከገዛ ሚስቱ ዓይኑን አሽሽቶ ምሰሶውን ያይ ነበር።

የሦስት ቀን ድል ራሴ ላይ ወጥቶ ነበርና፣ ተነስቼ ቅሏን ከአያ ተገኝ እጅ ወሰድኩ፣ ለእናቴ ዘረጋሁላት። «ለእኔም በዚህች ቅጂልኝ» አልኳት። ማሰሮውን ወደ ኋላ ሳበችው። አያ ተገኝ «ተይ ልጄ» አለ። እኔ ግን ከእሱ የቀረችውን ጠላ አተላዋን እንኳ ሳልተው ጨለጥኳት። እናቴም «እንግዲያው ያንቺም ከውጭ ይሆናላ» አለች፤ በማግስቱም ከችካሉ አጠገብ ሌላ ችካል ተክላ ሁለተኛ ቅል ሰቀለች። በእልህ ነው፣ እኔም በእልህ ተቀበልኩት፣ ከዚያ ወዲህ በቤቴ የምጠጣው ከውጭ በሚመጣ ቅል ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ጠዋት ጠዋት ጠበል ስትረጨኝ፣ ግንባሬን በእጇ ስትዳስስ ሰነበተች። ፈርታልኝ ነበር። ይህን የተረዳሁት እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

በበጋው ምርጫው ተካሄደ፣ አያ ተገኝ የነጣ ጋቢ ለብሶ ተሰለፈ፣ ማንን እንደመረጠ እስኪሞት ለማንም አልተናገረም። ተመርጠው ያለፉት የባላምባራስ አማች ነበሩ፤ አባቴ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በግንቦት እርሻው ሲከፈት ባላምባራስ ራሳቸው ማረሻ አስይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ከሩቅ ቆመው እስኪሳልላቸው ጠበቁ፤ ሁለት ቀላል አንድ ከባድ ምቱ አፋፉ ድረስ ይሰማን ነበር።

ደብረ ታቦር ለትምህርት ሄጄ በሁለተኛው ዓመት ለዕረፍት ስመለስ፣ ከግድግዳው ላይ ቅሎቹ የሉም። እናቴን የት ሄዱ ስላት ቀና ሳትል «ፍየል ሰበረቻቸው» አለችኝ። ችካሎቹ ከእኔ ቁመት በላይ ነበሩ፤ ፍየል ሊደርስባቸው አይችልም። አያ ተገኝ መደቡ ላይ ተቀምጦ ከቤቱ ዋንጫ ይጠጣ ነበር። እኔም ሙግት የምወድ ልጅ፣ ያን ቀን አልተከራከርኳትም።

ባለፈው ሳምንት የመስኮቴ ብረት ለቆ ያን ከሥር ያለውን ወጣት ጠራሁት። ብየዳውን ጨርሶ ሲጠማው ውሃ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ተቀበለ፣ ሳያየው፣ ስልኩ ላይ ከሰው ጋር እያወራ በአንዴ ጨለጠው፣ እሺ እማማ ብሎኝ ወጣ። አባቴ ይህን ቢያይ አልኩ በልቤ። ብርጭቆውን ላጥብ ስመለስ ግን ጠረጴዛው ላይ ከእኔና ከልጆቼ ብርጭቆዎች መሐል አስቀምጦት ነበርና፣ የቱ የእሱ እንደነበረ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።